ሸዋሮቢት ላይ ያልቆረጥኩት ዝምታ

ሰኞ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ስነሳ ካፖርት ደርቤ ነበር። ወደ ሸዋሮቢት የምወርደው የርቀት ትምህርት ለምንሰጥ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተዘጋጀ ሥልጠና ነው። ሃያ ዓመት በጠመኔ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ኖሬ አሁን በስልክ ማስተማር ልማር ነው። ቀድቼ የማቀርበው የድምፅ ትምህርት ካላለፈ ዘንድሮ የርቀት ተማሪ አይመደብልኝም። እውነቱን ልናገር፤ ፈርቻለሁ።

የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ካፖርቱን አወለቅኩ፤ ሸዋሮቢት ላይ ሹራቡም ተከተለ። መናኸሪያው አጠገብ ፓፓያ አስቆርጬ ቆሜ በላሁ። ለዚህ ፓፓያ ሲባል ሙቀቱን ይቅር ብየዋለሁ።

ማክሰኞ

ቀረጻ። ባዶ ክፍል ውስጥ ስልኬን ፊት ለፊቴ አቁሜ የመግቢያውን ትምህርት ጀመርኩ። «የስምንት፣ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ስድስት አማካይ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁና እጅ የሚያወጣ ተማሪ ጠበቅሁ። የልማድ ነገር! አንዴማ ባዶውን የኋላ ወንበር «አትንሾካሾኩ» ብያለሁ። ቅጂው ሲሰማ ባልደረቦቼ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ። በልጄ ዕድሜ ያለችው አሠልጣኛችን ሰላም ግን አልሳቀችም።

«መምህር፣ ዝምታውን ይቁረጡት። ተማሪው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ዝምታውን እቆርጣለሁ ስል ጥያቄውን ቆረጥኩት። በመጨረሻ የመጣው ይምጣ ብዬ የመጀመሪያውን ቅጂ እንዳለ ለሰላም ላክሁት።

ረቡዕ

ትምህርቱ በእውነተኛ ተማሪ ሊፈተን ከሰላም ጋር በባጃጅ ወደ ቀወት ገጠር ሄድን። ወይዘሮ ዘሀራ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ በርቀት ዲግሪዋን ትማራለች። ማሳዋ ዳር ተቀምጣ የማሾ ዘለላ ስትፈለፍል አገኘናት። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ጥያቄዬ ተሰማ፤ ከዚያ ያ ዝምታ። ወዴት ልግባ? መሬት መሬት አየሁ።

ዘሀራ እጇ ሳያርፍ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «አሥራ ሁለት» አለች። ወዲያው የእኔ ድምፅ «አሥራ ሁለት» አለ። ፈገግ አለች።

ሰላም ዝምታው አስቸግሯት እንደሆነ ጠየቀቻት። ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች።

«ወላሂ፣ ሌሎቹ ጠይቀውኝ ሳልመልስ ያልፉኛል። አንቱ ግን ጠበቁኝ።»

ሰላም ቅጹ ላይ «አልፏል» ብላ ጻፈች። በመንገድ ላይም ሌሎቹም መምህራን ከጥያቄ በኋላ እንዲጠብቁ እንደምትመክራቸው ስትነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሐሙስ

ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ ብርዱ እንደተውኩት ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ሁለተኛውን ትምህርት መቅዳት ጀመርኩ። ጥያቄውን ጠይቄ ዝም አልኩ። ማክሰኞ የጠበቅሁት በልማድ ነበር፤ ዛሬ ግን የምትመልስ ሰው እንዳለች አውቃለሁ።