እሾህ የሌለው መንጠቆ

ጎባ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወይብ ወንዝ ዳር ያለው የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ በረዳትነት የቀጠረኝ ቀን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩ። የጣቢያው ዋና አጥማጅ ኦቦ ቱሉ ደብተሩን ተቀብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና ፒንሳ ሰጡኝ።

“ይቺን እሾህ ደፍጥጫት” አሉ። በመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የምትመለሰዋን ነው። “የምናጠምደው ለእንቁላል እንጂ ለድስት አይደለም። እሾህ አፋቸውን ይቀድዳል።”

“ያለ እሾህ አያመልጡም?”

“ክሩ ከላላ ያመልጣሉ። እንዳይላላ ነዋ አንቺን የቀጠሩሽ!”

ትራውት የሚባለው ትልቁ ቡናማ ዓሣ በዝንብና በትል አይታለልም። ዓሣ ይበላል፤ የገዛ ወገኑንም ጫጩት ቢሆን አይምርም። ኦቦ ቱሉ ይህን ሲነግሩኝ “ማንን እንደሚመስል ልንገርዎት?” አልኩ።

“ዝም በይ፣ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! ወንዝ ወሬ ይሸከማል።”

ቀልዱን አሁንም አልጽፈውም።

ማታለያ የሚሆነውን የእንጨት ዓሣ ኦቦ ቱሉ ራሳቸው ከኮሶ ግንድ ይጠርቡታል። ስንዝር አይሞላም። ጀርባው ቡናማ፣ ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ከሥሩ ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ የተንጠለጠለበት ነው። ሆዱ ውስጥ እርሳስ ይቀበራል። እርሳሱ ከበዛ ዓሣው ይሰጥማል፣ ካነሰ ይንሳፈፋል፤ ልክ ሲሆን ውኃው መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አሠራሩ ሁለቴ ነጠቅ አድርጎ ማቆም ነው። “ትልቁ ዓሣ የሚመታው ስትጎትቺ ሳይሆን ስትቆሚ ነው” አሉኝ።

“ስቆም እስከ ስንት ልቁጠር?”

“እስክትሰለቺ። ከሰለቸሽ በኋላ ደግሞ ትንሽ።”

እኔ መቆም አልችልም። ሁለት ወር ሙሉ ባዶ እጄን ተመለስኩ። “አንቺ ዓሣ አታጠምጂም፣ ወንዙን ትገርፊዋለሽ” ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ጎርፍ ኩሬያችንን ሰብሮ እናት ዓሦቹን በሙሉ ወሰደ። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ታምራት ሰበሰቡን። “በዚህ የእንቁላል ወቅት አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ ካልተያዘች ጣቢያው ይዘጋል። ኦቦ ቱሉ ጡረታ ይወጣሉ። አንቺ ሮቤ ቢሮ፣ ታይፕ።”

ታይፕ! ቀኑን ሙሉ መቀመጥ። እስር ቤት ያሉኝ ያህል ነበር።

ወንዶቹን በቀላሉ ያዝን። ሴት ግን የምናውቀው አንዲት ብቻ ነበር። ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ከአስታ ቁጥቋጦው ሥር ትውላለች። ሦስት ሳምንት ተመላለስንባት። አንድ ጊዜ የእንጨት ዓሣውን እስከ እግሬ ድረስ ተከትላ አየችኝና ተመለሰች።

በአራተኛው ሳምንት ጓድ ታምራት ከአዲስ አበባ የመጡ አራት እንግዶች በላንድሮቨር ይዘው ደረሱ። እኔ መታጠፊያው ላይ ነበርኩ፤ ኦቦ ቱሉ መረብ ይዘው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተዋል። ውኃ የተሞላው በርሜል ዳር ላይ ተዘጋጅቷል።

ወረወርኩ። ነጠቅ፣ ነጠቅ። ቆምኩ። ከኋላዬ ጓድ ታምራት ስለ ጣቢያው ያስረዳሉ። ሰለቸኝ። ትንሽ ጨመርኩ።

ዘንጉ እጄ ላይ ጎበጠ።

ወደ አስታው ሥር ልትገባ ሦስት ጊዜ ሮጠች፤ ሦስቴም መለስኳት። ጣቶቼን ክሩ በላቸው። በመጨረሻ ጎኗን ሰጠችን። ሆዷ እንደ ከረጢት ሙሉ ነበር።

“ጓዶች፣ ምሳችሁ መጣ!” አሉ ጓድ ታምራት።

የሚቀልዱ መስሎኝ “ወደ በርሜሉ ነው አይደል?” ብዬ ጮህኩ።

“ወደ ድስቱ ነው እንጂ! ለእንግዶች ሌላ ምን አለን?”

“እንቁላል ይዛለች እኮ!”

“ሌላ ትይዣለሽ። ብቻ እንዳትለቂያት!”

ኦቦ ቱሉ መረቡን አቆሙት። የሚያዩት ኃላፊውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ድስት ከገባች ወቅቱ አለቀ። ወንዝ ከገባች ገና ነው። ዘንጉን ዝቅ አድርጌ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄድኩ። ክሩ ላላ። ራሷን አንዴ ነቀነቀችና ሄደች። የእንጨቱ ዓሣ ውኃው መካከል ብቻውን ቆሞ ቀረ።

“ምን አደረግሽ!” አሉ ጓድ ታምራት።

“እሾህ የለውማ፣ ጌታዬ” አሉ ኦቦ ቱሉ ቶሎ ብለው። “ያመልጣል።”

ከሰዓት በኋላ ጓድ ታምራት ወረቀት ሰጡኝ። “ግለሂስ ጻፊ። እጄ ከድቶኝ አመለጠችኝ በይና ነገሩ እዚሁ ይዘጋል። ሥራሽንም አታጪም።”

አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ለእንቁላሉ ስል ክሩን አውቄ አላልቼዋለሁ።

ሁለቴ አነበቡት። “ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ?” አሉኝ። ሰኞ ሮቤ ታይፕ ፊት ተቀምጬ ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ኦቦ ቱሉ እርጥብ ጫማቸውን እንዳደረጉ ቢሮ ገቡ።

“አካም ጅርታ፣ ኢንተላ? እንዴት ትኖሪያለሽ?”

“ምን እኖራለሁ፣ ተቀምጫለሁ እንጂ።”

“መጣች” አሉኝ።

“ማን?”

“ሴትየዋ ናታ! እዚያው መታጠፊያ፣ በዚያው እንጨት። ከንፈሯ ላይ የአንቺ ምልክት አለ። እንቁላሏን ወስደን ኩሬ ውስጥ ለቀቅናት።”

“ጓድ ታምራትስ?”

“ሪፖርት ይጽፋሉ። በእሳቸው አመራር ነው አሉ የተያዘችው።”

ሪፖርቱ ለመመታት የመጣው እኔ ዘንድ ነበር። “በብርቱ አመራር” የሚለውን አንድ ፊደል ሳልስት መታሁት። ጣቢያው አልተዘጋም። እኔ ግን ወደ ወንዙ የተመለስኩት ከዓመት በኋላ ነው፤ ኦቦ ቱሉ ዓይናቸው ደክሞ “ያቺን ልጅ ካልሆነ ማንንም አላሠለጥንም” ብለው ስላስቸገሩ።

ዛሬ ለአዲስ ተቀጣሪ ፒንሳውን የምሰጠው እኔ ነኝ። እሾሁን ደፍጥጡ። ክሩን አታላሉ። ካላላችሁትም አውቃችሁ ይሁን፤ ስትጠየቁም አላልቼዋለሁ በሉ።