ሦስት እስር ሳር

ያ ሰው ዛሬም ድረስ «ከገደል አፋፍ መለስኳት» እያለ እንደሚያወራ ሲነግሩኝ ደሜ ይፈላል። እዚያ ነበርኩ። ማን ማንን እንደመለሰ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ድሬዳዋ አንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሱ የዚያው ቤት የመጋዘን ሹም። ሊያገባኝ ይፈልግ ነበር፤ አባቴ ግን ገና ቃል አልሰጠም። አንድ የክረምት እሑድ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሙቀቱን ሽሽት በጭነት መኪና ወደ ተራራው ወጣን። ሌሎቹ መኪናው አጠገብ ምግብ ሲያቀርቡ እኛ ሁለታችን በእግር ቀጠልን።

ከታች ሲያዩት ሹል የሚመስለው ተራራ አናቱ ላይ ሜዳ ነው። ሳሩ ጉልበት ይደርሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ስትሄድ ቆይተህ መሬቱ በድንገት ያልቅብሃል። ከሥር የከተማዋ ቆርቆሮና የደረቀው ወንዝ አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ በረሃ። እሱ ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ ስለመጣ «ልክ እንደ ባሕር!» አለኝ። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ አመንኩት። የዚያን ቀን ያላመንኩት ነገር አልነበረም፤ ይሄም ያናድደኛል።

አፋፉ አጠገብ አንዲት የኦሮሞ ሴት ሳር ታጭዳለች፤ ቀፊራ ገበያ አውርዳ ለጋሪ ፈረሶች የምትሸጠው ነው። ያሰረችውን ሁሉ ከገደሉ አፍ እስከ መውረጃው መንገድ በአንድ መስመር ደርድራዋለች፤ የሳሩ ጫፍ ሁሉ ወደ መንገዱ ዞሯል። ለሥርዓት ያህል የደረደረችው መሰለኝ። እሱ ከመሐል ሦስት እስር አንስቶ ደራረበና «ቀሚስሽ እንዳይቆሽሽ» ብሎ አስቀመጠኝ። ሴትዮዋ በኦሮምኛ ጮኸች።

«ተይ አቦ፣ ሳርሽን አንበላብሽም!» አላት።

ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ።

ወዲያው ጉም ከታች ተነሣ። እኛ የድሬ ልጆች አቧራ እናውቃለን፣ ጎርፍ እናውቃለን፤ ጉም አናውቅም። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አጣኋቸው።

«ታኢ! ተቀመጡ! እንዳትነቃነቁ!» አለች ሴትዮዋ።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አለ እሱ፣ እጄን እየጎተተ። በእግሩ አንድ እስር አገኘ። «ይኸው መስመሩ!» ብሎ ተከተለው፤ ግን ወደ ገደሉ በሚወስደው በኩል። እጄን መንጭቄ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የድንጋይ መንከባለል፣ ቀጥሎ የእሱን ጩኸት ሰማሁ። እየዳህኩ ስደርስ ሴትዮዋ በሆዷ ተኝታ በአንድ እጇ ቀበቶውን ይዛለች፤ በሌላው መሬት ላይ የተከለችውን ማጭድ ጨብጣለች። የጨበጠችው ስለቱን ነው። አብረን ጎተትነው።

ከዚያ እስሮቹን በእጇ እየዳሰሰች መራችን። ሦስቱ የጎደሉበት ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ ሳሩን ዳበሰች። መስመሩ ለምን እንደተዘረጋ የገባኝ ያኔ ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ አፌን ሳልከፍት እሱ ጀመረ። «ይህችን ልጅ ለጥቂት አጥተናት ነበር! ባልይዛት ኖሮ...» ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ምስክር ቆጠሩት።

በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ያንኑ ወሬ ይዘው ገቡ። ከጓዳ ሆኜ አባቴ «ልጄን ከሞት ለመለሰልኝ ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ?» ሲል ሰማሁት። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ወጣሁ።

«አባባ፣ ከሞት መመለስ ለጋብቻ ከበቃ፣ እሱን ማግባት ያለባት ሳር አጫጇ ናት። በቀበቶው ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። አባቴ አንድ ወር አላናገረኝም።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ማግሥት ቀፊራ ሄድኩ። እሱን የምረግምበትን ቃል ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ሴትዮዋ መዳፏን በጨርቅ ጠምጥማ በጥርሷና በደህናው እጇ ሳር ታስራለች። ስታየኝ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ሰውዬሽ በደህና ገባ?» አለችኝ።

የተቆረጠው እጇ እንዴት እንደሆነ አንዴም ጠይቆ እንደማያውቅ ልነግራት ነበር የመጣሁት። ስምንት ቀን ሙሉ እኔም አልጠየቅኳትም ነበር።