ከተሬሳ ላይ የጎደለችው ፊደል

ልጄ ሌንሴ ተርጓሚ ናት። ቢሮ የላትም። ነቀምቴ ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አዲስ አበባ ያሉ የትርጉም ድርጅቶች የሚልኩላትን ጽሑፍ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ስታገላብጥ ትውላለች። ባለፈው ሳምንት ለአንድ አዲስ ድርጅት ሲቪ ስትጽፍ ቀና አለችና እስካሁን የሠራሁላቸውን ድርጅቶች በስም ልዘርዝር ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችኝ። አንደኛው ስሜን አታንሺ ብሏታል፤ ሌሎቹ ምንም አላሉም።

"ካልጻፍኩት ማን ያምነኛል፣ አባ?"

ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብስ ላስገባ ብዬ ወጣሁ። ደመና እንኳ አልነበረም። እኔ ይህን ጥያቄ በሃያ ዓመቴ፣ ስሜን እንኳ በወጉ ሳልጽፍ መልሼዋለሁ። መጥፎ መልስ ነው የመለስኩት።

ፊደል የጨረስኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። በወጣትነቴ ሥራዬ ሸክም ነበር። አፋን ኦሮሞው የእናቴ ነው፤ አማርኛውን ነቀምቴ ገበያ ለጎጃም ነጋዴዎች ጨው ስሸከም ለመድኩት። ሻጭና ገዢ ሳይግባቡ ሲቀሩ ተሬሳን ጥሩት ይባል ነበር። ሁለት ሰዎች መሃል ቆሞ ሁለቱም አፉን ሲያዩት ደስ የማይለው ሰው የለም። እኔን ከልክ በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ወደ አፋን ኦሮሞ በዞረ ሰሞን ነው፣ ከነቀምቴ ወጣ ባለች ከተማ የግብርና ሪፖርት የሚያዘጋጁ አንድ ጸሐፊ በሰው በሰው ያስጠሩኝ። የትኛዋ ከተማ እንደሆነች አልናገርም። እሳቸውንም ጸሐፊው ብያቸው አልፋለሁ። አባታቸው ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ወለጋ ተወልደው፣ ወለጋ ወልደው፣ ከሰላምታ በላይ አፋን ኦሮሞ አያውቁም። ቁቤውን፣ ማለት የላቲኑን ፊደል፣ በሥልጠና ይዘውታል። አለቆቻቸው ቋንቋውንም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። እንደማያውቁ የምናውቀው ሚስታቸውና እኔ ብቻ ነበርን፤ ቢታወቅ እንጀራቸው ነው የሚቆረጠው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በጭቃው መንገድ ሱሪዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። እሳቸው በአማርኛ የጻፉትን ያነቡልኛል፣ እኔ በአፋን ኦሮሞ እላለሁ፣ እሳቸው ጆሯቸው የያዘውን በቁቤ ይጽፋሉ። መጻፍ የማይችል ተርጓሚና ቋንቋውን የማይሰማ ጸሐፊ። ሁልጊዜ የምንጣላው ቢዬ እና ቢያ ላይ ነበር። ቢዬ አፈር ነው፣ ቢያ ደግሞ አገር። ለሳቸው ጆሮ አንድ ነበሩ።

"ጋሼ፣ አገሩን ጎርፍ ወሰደው ብለው ጻፉ እኮ" እላቸዋለሁ።

"ወስዶት ቢሆን እኔና አንተ እዚህ እንቀመጥ ነበር?" ይሉና ይሰርዛሉ።

ሚስታቸው አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራሥር ቀቅለው፣ ልጠው፣ በቅቤ ለውሰው ያቀርቡልናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ጸሐፊው ጎረቤት እንዳይሰማ ቀስ በል ይሉኛል። የኔ ዋጋ ፊደል ነበር። በየሳምንቱ አንድ ፊደል ከነዘሩ ያስቆጥሩኛል። በአስረኛው ቅዳሜ በ ላይ ደረስንና ስሜን ልጻፍ አልኳቸው።

ሳቁ። ሬንና ሳን ተምረሃል፣ ተ ግን ገና ናት አሉኝ። ያለኝን ጻፍኩ።

"ሬሳ" ብለው አነበቡት። "እስከ ሳምንት ሬሳ ነህ። ሳምንት ተን እሰጥህና ትነሳለህ።"

ሚስታቸው በልጁ ላይ ሟርት ነው ብለው ተቆጡ። እኔ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ሬሳም ቢሆን በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ቅዳሜ ሳይደርስ ነቀምቴ የመንገድ ጥናት ቡድን መጣና አስተርጓሚ ይፈልጋል ተባለ። ሄድኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ሁሉ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ወረቀት ይዘዋል። ተራዬ ሲደርስ ሰውየው ከማን ጋር እንደሠራሁ ጠየቀኝ። ወረቀት የለኝም አልኩት። ቀና ሳይል "ቀጣይ" አለ።

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልወዳትም። ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። የጸሐፊውን ስም ከነመሥሪያ ቤታቸው ጠራሁና ሪፖርታቸውን የምተረጉመው እኔ ነኝ አልኩ። ጎን የተቀመጠ፣ ከዞን መሥሪያ ቤት መጣ የተባለ ሰው ዞር አለ።

"ራሳቸው አይደሉም እንዴ የሚጽፉት?"

"እጁ የሳቸው ነው። ቋንቋው የኔ ነው።"

ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የዞኑ ሰው ጻፈው። የተናገርኩት ነገር በብዕር ሲሰፍር በማየቴ ደረቴ ተነፋ። ምን እንደጻፈ ግን ማንበብ አልችልም ነበር። ሥራውን አገኘሁ።

ሦስት ሳምንት ጉቶ ጊዳ ገጠር ውስጥ ዋልኩ አደርኩና ተን ልቀበል ሄድኩ። ሚስታቸው ከበር አላስገቡኝም። አለቆቻቸው ጸሐፊውን ስብሰባ መሃል አስነስተው፣ አንድ ገጽ ሰጥተው፣ እዚሁ ተርጉም እንዳሏቸው ነገሩኝ። አፈር በሚለው ቦታ ሁሉ አገር ጽፈው ተገኙ። ሰው ሳቀ። ከሥራ ወጡ። ሲስሉ ከውስጥ ይሰማኛል፤ አልወጡም።

"ስማቸውን ፈልገኸው ከሆነ" አሉኝ ሚስታቸው፣ "ብትጠይቃቸው መላ አያጡም ነበር። ደብዳቤ ይጽፉልህ ነበር።"

ድሃ ነበርኩ፣ ቀጣይ ተባልኩ፣ ልጅ ነበርኩ እያልኩ ለራሴ ስደልል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ሰው እንዲያየኝ ስለፈለግኩ የሰው ገመና አወጣሁ። የመንገዱም ሥራ በጋውን አልዘለቀም፤ ወደ ጨው ሸክሜ ተመለስኩ። ፊደሉንም በንዴት ተውኩት። ሃያ ዓመት በጣቴ ፈረምኩ።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ አኖ ከተማ ላይ ቆመ። መንገድ ዳር፣ ጥላ ሥር፣ ጸሐፊው ጠረጴዛ አስቀምጠው ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ወርጄ ተሰለፍኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።

"ስም?" አሉ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ቆይተው አዩኝ። አውቀውኛል።

"ስም" አሉ እንደገና።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሮጬ ተሳፈርኩ። በዚያው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ተ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀችም።

ለሌንሴ በጠየቀችኝ ቀን ማታውኑ ነገርኳት። ጠይቂያቸው፤ የፈቀደልሽን በስሙ ጻፊ፤ ያልፈቀደውን ምን እንደሠራሽ ብቻ ጻፊ አልኳት። ሥራው ቢያመልጠኝስ አለችኝ። "ያመልጥሻል" አልኳት። ምን ልበላት?

ጠየቀች። ሁለቱ ፈቀዱ፣ አንዱ ዝም አለ፤ እሱንም ተወችው። ትናንት አሳትማ አምጥታ ያለፋት ስህተት ካለ እንድመለከትላት ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግኩ። አናቱ ላይ በትልቁ ሌንሴ ተሬሳ ይላል። ስሜ ምንም አልጎደለውም። ሬንና ሳን ያስተማሩኝ ሰው ስም ግን የትም የለም። እኔም እዚህ አልጻፍኩትም። አንዴ ጠርቼዋለሁ፤ ይበቃል።