ያልገባሁበት ቤት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ጌታሁን ከመተማ ወደ ጎንደር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ምሳውን እየበላ "ቤት ልገዛ ነው፣ እምዬ" አለኝ። ሊያገባ ስለሆነ ለጎጆ መውጫ የሚሆን ሲፈልግ ከርሟል። ዛሬ መተማ ላይ ሰሊጥ ነጋዴው ሁሉ ቤት ይፈልጋል፤ ወጣት የሚቀምሰው አይደለም። ደላላው ግን አንድ ርካሽ የቆርቆሮ ቤት አሳይቶታል።

"ለምን ረከሰ?" አልሁት። ዕድሜ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል።

"ነገር አለበት ይላሉ። የገባበት ሁሉ ሳይከርም ይወጣል።"

"የት በኩል ነው?"

"ወደ ጓንግ ወንዝ መውረጃ፣ ትልቁ የሮቃ ዛፍ ካለበት።"

ሰሊጥ እየለቀምሁ ነበር። ሰፌዱን ከጭኔ አወረድሁት። ጓንግን እንደማውቀው ጌታሁን ያውቃል፤ ሮቃውን እንደማውቀው ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልጆቼን የወለድሁት ከሁለተኛ ባሌ ነው፤ ልጆች ደግሞ እናታቸው ከአባታቸው በፊት የኖረች አይመስላቸውም።

ወደ መተማ የወረድሁት በጣሊያን ጊዜ ነው። ደንቢያ ላይ ቤታችን ሲቃጠል ከተሞሸርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ባሌ አስማረ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ፣ የተረፈችንን እህል አህያዋ ላይ አድርጎ፣ በጭልጋ በኩል ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየበረታ ጋቢያችንም አህያዋ ላይ ተጨመረ። የቀርቀሃው ጫካ ውስጥ ስንገባ አስማረ ግንዱን እየደባበሰ "ይህ ሁሉ ቤት ነው እኮ!" አለኝ። ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንጨት ሲያይ ቤት ይታየዋል።

ከተማው በስደተኛ ሞልቷል። የጣሊያን ካሚዮን አቧራውን እያስነሳ ያልፋል፤ ሰዉ በየራኩባው፣ በአራት እንጨት ላይ ሣር በተጣለበት ጥላ ሥር፣ ተጠጋግቶ ይተኛል። ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ ደህና የጭቃ ቤት ብቻ ባዶውን ቆሟል። ጋኔን አለበት ይባላል። ከእኛ በፊት የገቡት ደገኞች በሽተኛ ሆነው ወጥተዋል፤ ያልወጡም አሉ። ባለቤቷ እትዬ ዘሃራ ጨውና ደረቅ ባሚያ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ቆመን ስንለማመጥ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ጋኔኑም ኪራይ ከፍሎኝ አያውቅ። የራሳችሁን እስክትሠሩ ግቡ።"

ገባን። ጋኔን ከነበረበት በእውነት ጨዋ ጋኔን ነበር። ጣራው ውስጥ የሌሊት ወፍ ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ ሌላ ያስቸገረን የለም። አስማረ ለነጋዴዎች ሰሊጥ ሲሸከም ይውላል፤ እኔ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቆየዋለሁ። ባሚያው እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል ብሎ ይጸየፈው የነበረ ሰው፣ ኋላ ድስቱን በጣቱ ይጠርግ ጀመር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቤት የሳቅሁበት ቤት የለም። ቀን ቀን እሱም በጋኔኑ ይቀልዳል። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ቀልዱ ያልቅና መጥረቢያውን ከራስጌው ያስጠጋል።

በሁለተኛው ክረምት ወደ ጓንግ መውረጃ፣ ሮቃው ሥር፣ ቦታ አገኘን። የቆላ ቤት አሠራር ከእኛ አገር ይለያል። ግድግዳው ለብቻው ይቆማል፤ ጣራው መሬት ላይ ተዋቅሮ ሣሩ ይታሰርበታል፤ ሲያልቅ የሰፈሩ ወንዶች በደቦ ተሸክመው ግድግዳው ላይ ያስቀምጡታል። ባልሽ ቤቱን አደረሰልሽ ወይ የሚሉኝ ሁሉ "ጣራ የምታነሱ መቼ ነው?" ብለው ነበር የሚጠይቁኝ።

መስከረም ሲጠባ የቀርቀሃው ግድግዳ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ አስማረ እዚያ ማደር ጀመረ። እትዬ ዘሃራ ይህን ሲሰሙ እዚያ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ማሽላው እስኪቆረጥ ወንዝ ዳር አይታደርም። የቆላ ሰው ይህን ጊዜ ጉብታ ላይ ነው የሚተኛ።"

"እትዬ፣ በእኛ አገር የተጀመረ ቤት ባለቤቱ ካላደረበት ሌላ ያድርበታል" አላቸው። "የእርስዎን ቤት አይቻለሁ። የእኔን ጋኔን አይቀድመኝም።"

"ኧረ ጋኔን ያስፈራል እንጂ አይገድል! ንዳድ ነው የሚገድል።"

አልሰማቸውም። እኔም ለምኜው ነበር፤ "ልጅ የምትወልጅበት ቤት ነው" አለና አፌን አስያዘኝ። አገሩ ሁሉ የተወሰደበት ሰው ነው፤ ይህችን አንዲት ክብ መሬት ማንም እንዲወስድበት አልፈለገም። ስለዚህም ልቆጣው አልቻልሁም፤ እስከ ዛሬም አልቻልሁም።

ጣራው አለቀና ማንሻው ለሐሙስ ተቀጠረ። ለክርስቲያኑ የማሽላ ጠላ ጠመቅሁ፣ ለእስላሙ የከርከዴ አበባ ዘፈዘፍሁ። ሰኞ ጧት አስማረ ከወንዝ ዳር መጣ፤ ድንጋይ በሚያግለው ሙቀት ውስጥ ጥርሱ እየተንገጫገጨ "ጋቢ ደርቢልኝ" አለኝ። ቆላ የሰነበተ ሁሉ ያን ቃል ያውቀዋል። እትዬ ዘሃራ መራራ ሥር ቀቅለው አጠጡት፤ አልያዘለትም። ሐሙስ ማለዳ ዓይኑን ገለጠና ፈለገኝ።

"ጣራው ተነሣ?"

"ተነሣ" አልሁት።

"እንግዲያ ግቢ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ለደቦ የተጠሩት ወንዶች ለቀብር ሆኑ። የጠመቅሁት ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ። ቀባሪው ሲመለስ እትዬ ዘሃራ ወንዶቹን አስቆሙና "የሞተ ሰው ሥራ መሬት ላይ አይቀርም" አሏቸው። ጣራ የሚነሣው በሆታ ነው፤ ጩኸቱ ገበያ ድረስ ይሰማል። ያን ቀን እስላሙም ክርስቲያኑም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ጣራውን ሲያነሱ የሰማሁት ትንፋሻቸውን ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። አስማረ እንዲህ ያለ ባለሙያ ነበር።

እስከ በሩ ሄድሁ። እግሬ አልነሣ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጀንበር ስትጠልቅ እየሄድሁ እዚያ በር ላይ እቆም ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አዲሱን ሣር እያሸተትሁ፣ ዛሬስ እገባለሁ እያልሁ። ሲጨልም ወደ እትዬ ዘሃራ ቤት እመለሳለሁ። ከወንዝ ከብት የሚመልሱ እረኞች ሲያዩኝ መንገድ እየለወጡ ያልፉ ነበር፤ ሐዘኔን ፈርተው ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንግሊዝና ጣሊያን ድንበሩ ላይ ሲታኮሱ ከተማው ነደደ። ያ ቤትም ሰው ሳያድርበት ነደደ። እኔ ወደ ደጋ ወጣሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ አረጀሁ።

"እምዬ፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ ጌታሁን።

"እዚያ ቤት ምን ይታያል ነው የሚሉ?"

ሳቀ። "የሞኝ ወሬ ነው። ዱሮ እረኞች ያዩዋት የነበረች ጋኔን አለች ይላሉ። ጀንበር ስትጠልቅ በሩ ላይ ትቆማለች አሉ፤ ወጣት ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ማንንም አትነካም። ቆማ ቆማ ትሄዳለች፤ አትገባም።"

ለካ ሰው ሳይሞትም ጋኔን ይሆናል። እንባዬ ሰሊጡ ላይ ወረደ፤ ልጁ ደነገጠ፤ እኔም ያን ሁሉ ዓመት የዘጋሁትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአስማረ ስም ጀምሬ ነገርሁት። ሰዉ ጋኔን የሚላት ያች ልጅ ቤት የናፈቃት የአሥራዎቹ ዕድሜ ሙሽራ ነበረች። እኔ ወደ ደጋ ስወጣ እሷ እዚያው ቀርታ ኖሯል።

"ግዛው" አልሁት ስጨርስ። "ሙሽራህንም ይዘህ ግባበት። ማሽላ እስኪቆረጥ ግን አጎበር እንዳትረሱ።"

ግማሹን በቀልድ ግማሹን በፍርሃት ጠየቀኝ።

"በሩ ላይ መጥታ ብትቆም ምን ልበላት?"

"ግቢ በላት።"