ለክፉ ቀን የተለማመድኩት እንግሊዝኛ

ባሕር ማዶ ፓይን ሌክ የምትባል ትንሽ ከተማ ስንኖር የቤታችን አፍ ልጄ ነበረች። ባለቤቴ ለሚነዳው ታክሲ ያህል እንግሊዝኛ ይችላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን ነው። ደብዳቤ ሲመጣ የምታነበው እሷ፣ ባንክ ቤት የምታወራው እሷ፣ ሐኪም ጋ የምታስተረጉመውም እሷ። አስም ያለባትም እሷው ናት። ይቺ ነገር ውስጤን ትበላኝ ነበር። እሷ ትንፋሽ ካጠራት፣ ማን ይናገርልኛል?

ይህንኑ ስነግራት የቁርሷን የሲሪያል ካርቶን ቆራርጣ ለክፉ ቀን የሚሆኑኝን የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል ጻፈችልኝ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ፊደል ግን አልረሳሁም። «ማይ»፣ «ዶተር»፣ «ካንት»፣ «ብሪዝ»። ልጄ መተንፈስ አቃታት ማለት ነው። ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ በትና ደርድሪ ትለኛለች። እኔ ስደረድር «ካንት» ሁልጊዜ መጨረሻ ይሄድብኛል። እኛ የሆነውን የምንናገረው መጨረሻ ላይ ነዋ። እነሱ ጋ አቃታት መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ምን እንደሚያስቸኩለው አይገባኝም።

«እማዬ፣ መጨረሻውን እስክትናገሪማ እኔ ሞቻለሁ» ብላ ሳቀች።

«አታሟርቺ» አልኳት።

ጥያቄ ሲሆን ደግሞ «ካን» ተነስቶ ፊት ይሄዳል አለችኝ። አንዴ መሃል፣ አንዴ ፊት የሚቀመጥ ቃል ምኑን ብዬ ልያዘው? ሰሃን ሳጥብ እለዋለሁ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ እለዋለሁ፤ በተለማመድኩት ቁጥር ይበልጥ ይደበላለቅብኛል።

አስሟን የሚቀሰቅሰው የዛፍ አበባ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስበት ወር ነበር። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት መጥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ስትቆይብኝ ብሄድ ገንዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የምትስበው መድኃኒት እጇ ላይ ነው፤ አልቋል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ባለቤቴ ጋ ብደውል አያነሳም። አምቡላንስ ወደሚጠራበት ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግኩ።

አንዲት ሴት አነሳች። የተለማመድኩትን ሁሉ ለቀቅሁት፤ የትኛው ቃል ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ዛሬም አላውቅም። አድራሻችንን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄው ነበርና ተናገርኩ። ሴትየዋ ትጠይቀኛለች፤ እኔ እንደ አገሬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግኩ አዎ እላታለሁ። ምን እንደጠየቀችኝ ግን አልገባኝም። ደግማ ትጠይቃለች፣ እኔም ደግሜ እስባለሁ። እየቆየ ድምጿ እንደሚያባብል ሰው ለዘብ አለ። ምን ያለች ደግ ናት አልኩ በልቤ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሮጬ በር ከፈትኩ። ወንድና ሴት ናቸው። ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጡኝና አፍና አፍንጫዬ ላይ የአየር ጭምብል ገጠሙልኝ። እዚህ አገር መጀመሪያ እናትየዋን ያረጋጉ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩላቸው። ወዲያው ከመታጠቢያ ቤት የልጄ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ተሰማኝ። ጭምብሉን ነቅዬ የሴትየዋን እጅ ያዝኩ። እንግሊዝኛው አንድም አልመጣልኝም። ልጄን፣ ልጄን እያልኩ በአማርኛ ጎተትኳት።

ልጄ ሐኪም ቤት ነፍስ ስትዘራ የመጀመሪያ ሥራዋ ለእኔ ማስተርጎም ሆነ። ስልክ ያነሳችው ሴት ያን የመሳብ ድምፅ ስትሰማ፣ ትንፋሽ ያጠራት እኔው መስያት ኖሯል። ነርሷ ይህን ስትናገር ሳቀች፤ ልጄም እያሳላት ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም። እኔን ሶፋ ላይ ሲያስታምሙ ልጄ አምልጣቸው ቢሆንስ?

ባለቤቴ ታክሲውን የትም ፓርክ አድርጎ እያለከለከ ገባ። ልጃችንን ደባብሶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ብለሽ ጠራሻቸው?»



«እንጃ» አልኩት። «ብቻ መጡ።»

ልጄ ጭምብሏን ገለጥ አድርጋ፣ «ነገ ካርቶኖቹን እንደገና እንጀምራለን፣ እማዬ» አለች።

ጭምብሉን መለስኩላት።

«አንቺ መጀመሪያ ተንፍሺ» አልኳት።