በጥቁሮቹ ቁልፎች የቀዳነው ካሴት

ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ፤ ናይሮቢ ካለነው ሀበሾች መካከል ያለ አስተማሪ ፒያኖ ተምሮ ጃዝ የቀዳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከኔ የቀደመ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንጫወት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። በሞያሌ በኩል ገብቼ ኢስትሊ ሰፈር ስቀመጥ ሀብቴ ሁለት ሸሚዝና አሥር ጣት ነበር። በዓመቱ የጸሎት ቤታችን ኪቦርድ በእኔ እጅ ገባ፤ በሁለተኛው ዓመት ያለ እኔ ሠርግ የሚደግስ ሀበሻ አልነበረም።

ይህን የሚያስጽፈኝ የሜሮን ጥያቄ ነው። ሜሮን እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሙዚቃ የምታጠና የመዘምራናችን ልጅ ናት። አንድ ሰው የድሮ ካሴታችንን ኢንተርኔት ላይ ጭኖት ኖሮ፣ ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ እየነቀለች መጣች።

«ጋሼ፣ ስምንቱም ትራክ ኤፍ ሻርፕ ላይ ነው እኮ! ሲሪየስሊ፣ ማን እንደዚህ ያደርጋል? ኮንሴፕት ነው?»

«ተቀመጪ» አልኋት። ቆመው የሚሰሙት ነገር አልነበረም። ለእሷ የነገርኋትን ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው።

አንድን ዜማ ከፍ አድርጎም ዝቅ አድርጎም መጀመር ይቻላል፤ የሚያርፍበት ድምፅ ኪይ ይባላል። ኪዮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። እኔ ደግሞ ጥቁሮቹን ቁልፎች ይዤ ነው የተማርሁት። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ ጥቁሮቹም አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ ናቸው፤ ኪያቸው ኤፍ ሻርፕ ይባላል። እጄን ያሳረፍሁበት ሁሉ ዜማ ይወጣዋል። ይህን ያገኘ ሰው ነጮቹን ምን ያደርጋቸዋል? እንደ ሚጥሚጣ ነስነስ እያደረግሁ እጠቀምባቸው ነበር። ዘማሪው ከሌላ ኪይ ቢነሳም አልደነግጥም፤ ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል መጫኛ አለች። እሷን ስጫን ጣቶቼ ከጥቁሮቹ ሳይነሱ ድምፁ ብቻ ወደተፈለገው ኪይ ይሄድልኛል።

ፒንቶና ኦዲያምቦ ያገኙኝ ሠርግ ላይ ነው። ፒንቶ ፓርክላንድስ ሰፈር ያደገ የሕንድ ጎዋ ዘር፣ አፉም እጁም የማያርፍ ከበሮ መቺ ነበር። ኦዲያምቦ የኪሱሙ ከተማ ሰው ነው፤ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ባለ አራት ገመድ ቤዝ በቁሙ ይጫወታል፣ በቀን አሥር ቃል ቢናገር ነው። የጃዝ ትሪዮ፣ የሦስት ሰው ባንድ፣ ሊያቋቁሙ ፒያኖ ጎድሏቸው ነበር።

«ስንት ኪይ ትችላለህ?» አለኝ ፒንቶ።

«አሥራ ሁለቱንም። አሥራ ሦስተኛ ካለ እሱንም አምጣ» አልሁት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ሦስት ወር በፒንቶ ጋራዥ ተለማመድን። እናቱ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ማንዳዚና ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ይልኩልናል፤ ዘይቱ ከጣታችን ሳይለቅ እንጫወታለን። አምስቱ ዜማዎች የዓለም የጃዝ ሰው ሁሉ የሚጫወታቸው የቆዩ ነበሩ፤ ሁለቱ የእኔ ድርሰቶች፣ አንዱ የኦዲያምቦ። የኪቦርዴን መጫኛዎች በዳንቴል ሸፍኛቸው ነበር። ፒንቶ ሲጠይቀኝ «አቧራ እንዳይገባ» አልሁት። እጄን ከዳንቴሉ ሥር እሰድና ቢ ፍላት ቢሉኝ ቢ ፍላት፣ ኤፍ ቢሉኝ ኤፍ አመጣላቸው ነበር።

የምንቀዳበት ቀን ሐምሌ ላይ ዋለ። የናይሮቢ ሐምሌ ዝናቡ እንኳ ቢቀር ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አትታይም። ስቱዲዮው ፓርክላንድስ ውስጥ ያለ አሮጌ መኖሪያ ቤት ነበር። ያለን ያ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፒንቶ በሳምንቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ካናዳ ይሄዳል፣ የሚመለስም አይመስልም። ኪቦርዴን ተሸክሜ ከማታቱ፣ ከናይሮቢ ሚኒባስ፣ ወርጄ ስገባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ እውነተኛ ፒያኖ አየሁ።

«ያንን አሻንጉሊት ማታቱ ላይ ብትተወው ይሻል ነበር» አለ ፒንቶ። «ዛሬ እንጨትና ሽቦ ነው የምንቀዳው!»

እንጨትና ሽቦ ትራንስፖዝ የለውም።

በቢ ፍላት ጀመርን። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቶቼ ተደነባበሩ። እንደገና ጀመርን፤ ባሰ። «ፒያኖው ቅኝቱ ወርዷል» አልሁ። ፒንቶ «ትናንት ነው የተቃኘው» አለ። «እንግዲያው ብርዱ ነው፤ ጣቴን አደንዝዞታል።» «ጓንት ላምጣልህ፣ ጌታዬ?» አለኝ። አምስት ጊዜ ሞከርን። በአምስተኛው ፒንቶ ከበሮ መምቻዎቹን ጉልበቱ ላይ አጋደማቸው። የፒንቶ እጅ ሲያርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኦዲያምቦ «በቆሎ እንብላ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ሎሚ በርበሬ ውስጥ እየነከረች በቆሎውን ታሸዋለች። ግማሽ ግማሹን በላን።

«ካካ» አለ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «ለመጀመሪያው ዜማ ስንት ላይ ነበር የምታደርጋት? አራት ከፍ?»

«ምኗን?»

«ከዳንቴሉ ሥር ያለችውን።»

በቆሎዬን ከአፌ መለስሁት። «ታውቅ ነበር?»

«ቤዝ ቆመው ነው የሚጫወቱት። ጣቶችህ ከላይ ይታዩኛል። የትኛውም ዜማ ይሁን፣ ያው ቦታ ናቸው።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ዜማው ያምር ነበራ።» ቆረቆንዳውን ጣለና እጁን ጠረገ። «አራቱንም ገመዶቼን በግማሽ ድምፅ አላላቸዋለሁ። ያኔ ያንተ ኤፍ ሻርፕ ለእኔ ቀላል ይሆንልኛል። ለፒንቶ ግን ራስህ ትነግረዋለህ።»

ከበቆሎ ጠባሿ እስከ ስቱዲዮው በር ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ የመጣሁበት መንገድ ከዚያ አጠረኝ። ኪቦርዴን አንሥቼ ወደ ኢስትሊ ለመሮጥም አስቤ ነበር። ገብቼ ፒንቶ ፊት ቆምሁና «አንድ ኪይ ብቻ ነው የምችለው» አልሁት።

«አሥራ ሁለት ብለኸኝ ነበር!»

«ዋሽቼሃለሁ። ግን በዚያች በአንዷ ከኔ የሚበልጥ ናይሮቢ ውስጥ የለም።»

ፒንቶ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። «አንተ እብድ ሀበሻ፣ ከበሮ ምን ኪይ አለው? ለእኔ ብለህ ነው የምትጨነቀው? ሦስት ሰዓት ባከነ! ተቀመጥ!»

ኦዲያምቦ ገመዶቹን አላልቶ ቃኘ። የላሉት ገመዶች ድምፅ ወፍራምና ጨለም ያለ ነበር፤ በእግሬ በኩል ሲመጣ ይሰማኛል። ስምንቱንም በጥቁሮቹ ቁልፎች ተጫወትሁ። እየመሸ ሲሄድ የመጨረሻውን ጨረስን። በሳምንቱ ፒንቶ ሄደ።

ዛሬ ሰባን እየተጠጋሁ ሳስበው፣ ያን ቀን ካሴቱም ስሜም ሊጠፉ የቀራቸው አንድ እርምጃ ነበር። አልጠፉም። ስለዚህ በዚህ እጄ የሆነውን ልቁጠር፤ ካልቆጠርሁት ማን ይቆጥርልኛል? ስምንት ዜማ በአንድ ቀን ቀዳሁ፤ ሁለቱ የራሴ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ነጮቹን ቁልፎች ተማርሁ፣ አሥራ ሁለቱንም ኪይ፣ ያውም ያለ አስተማሪ። የተሰበረ ፒያኖ ገዝቼ ራሴ ጠገንሁት። ከኢስትሊ እስከ ፓርክላንድስ የሚጫወቱ ተማሪዎች አፍርቻለሁ፤ ቁጥራቸው ጠፍቶብኛል። ኦዲያምቦ ሲሞት ቀብሩ ላይ የእሱን ዜማ ኪሱሙ ሄጄ ተጫወትሁ፣ በኤፍ ሻርፕ። ደግሞም በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ሊያባርረኝ በሚችል ሰው ፊት ቆሜ «አልችልም» አልሁ። ሌላውን ሁሉ ሌላ ሰውም ሠርቶት ይሆናል፤ ይህችን ግን እንደ እኔ አሳምሮ ያላት ሰው ካለ እስካሁን አላየሁም።