ያለ ሥልጣን የገዘትኩት ሰው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስንት ተራ ኃጢአት ዘረዘርኩ! ይህን ግን ዋጥኩት። አንተ ስማኝ፤ አታጽናናኝ።

ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ፈረንጅ ካርታ ሊያነሣ ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ አርማጭሆ ቆላ ወረደ። እኔም በጣልያን ጊዜ የለቃቀምኳትን ቋንቋ ይዤ አስተርጓሚው ሆንኩ። ደብተራ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም። ጥምጥሜን ያየ ጭነኛ ሁሉ ግን “የኔታ” ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ቱ!

ጫካው መሀል አንድ በቅሎ ወድቆ ሞተ። ሌላ በቅሎ ከመንደር እስክናመጣ የፈረንጁን ሣጥኖች የሚጠብቅ ሰው አስፈለገ፤ አያ ካሴ የሚባል ጭነኛ እዚያው እንዲቀር ታዘዘ። ንዳድ ጀምሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሎቹ ቀድመው ሲሄዱ እጄን ያዘና፣ “የኔታ፣ እኔም ልምጣ፤ ይኸ ቆላ ይበላኛል” አለኝ።

ጓዙን ጥሎ ይሸሻል፣ ፈረንጁ ፊት ያሳፍረኛል ብዬ ፈራሁ። “ከዚህ ጓዝ ብትርቅ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘትክ ሁን!” አልኩት። እኔ! ማን ሥልጣን ሰጠኝ?

“ምነው የኔታ?” አለና ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ።

ማታውን እንመለሳለን ያልነው ሰዎች መንገድ ስተን ሰነበትን። ስንመለስ ሣጥኑን ተደግፎ ሞቶ አገኘነው። የተውንለት የውኃ ቅል ባዶ ነበር። ወንዙ ግን ቁልቁል ይታያል፤ ድምፁም ይሰማል። እየጠማው ሲያየው ኖሯል። አልወረደም፤ ገዝቼዋለሁና!

ፈረንጁ ባርኔጣውን አውልቆ “ታማኝ ሰው” አለ። እኔ ውሻው ተረጎምኩት። ሁሉም “ታማኝ፣ ታማኝ” እያለ አለቀሰ። ያ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል።

መርዶውን ስናደርስ የካሴ ሚስት ነገሩን ከጭነኞቹ ሰምታ፣ “ምነው የኔታ፣ ውኃው ቅርብ አልነበር? ምነው ወርዶ አልጠጣ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“በሽታው ጸንቶበት ይሆናል” አልኳት። ቃሌን አምና ጉልበቴን ሳመች፤ ፍትሐቱ ላይ እንድቆምላትም ለመነችኝ። ቆምኩ። ከካህናቱ ጋር ድምፄን ከፍ አድርጌ “እግዚአብሔር ይፍታው” አልኩ፤ የገዘትኩት እኔ!

ልጅነት ነው አልልም። ፍርሃት ነው አልልም። እሷ እውነቱን ሳትሰማ ሞተች። አንተም ስሞት ይፍታህ እንዳትለኝ።